በሞቴ ያልተባለበት ማንኪያ

ኬክ ሠሪ ሆኖ ኬክ የማይቀምስ ሰው አለ ቢባል ማን ያምናል? እሱ ግን አለ። ሊጡን በጣቱ፣ ክሬሙን በዓይኑ፣ የምድጃውን ነገር ደግሞ በአፍንጫው ይለያል፤ ጣዕሙን የሚነግሩት ደንበኞቹ ናቸው። ጣፋጭ የሚባል ነገር አፉ አይገባም፣ ፍራፍሬም ቢሆን በሩቁ ነው። ቤተሰቡም ከልጅነቱ ጀምሮ «ጨው» እያለ ነው የሚጠራው። የጥርስ ሐኪም እንኳ አፉን አስከፍቶ አይቶ፣ «አንተን የመሰለ ከበዛማ ክሊኒኬን መዝጋቴ ነው» ብሎት ነበር።

ለምን ሲባል «አይስማማኝም» ይላል፣ በቃ። እናቱን ግን ይህ መልስ አንድም ቀን አጥግቧት አያውቅም። «ምኑ ነው የማይስማማህ? አጉል መራጭ ስለሆንክ ነው እንጂ» ትለዋለች። ክፉ ሴት አይደለችም፤ ኧረ ደግ ናት። ችግሯ ሰው ካላበላች ደስ አለማለቷ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለ ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ማሩን በማንኪያ ቀድታ፣ «በሞቴ፣ ይቺን ብቻ» ትለው ነበር። በእናት ሞት ተለምኖ እንዴት እምቢ ይባላል? ይውጣል። ከዚያ ላቡ ይንቆረቆራል፣ ሆዱን ይዞ ይጥመለመላል፣ የዋጠውን ሁሉ ይመልሳል። እሷም አጥባ፣ ልብስ ቀይራ፣ ባዶ ሆዱን ቀረ ብላ እንደገና ማንኪያውን ታነሳለች። ነፍስ ካወቀ በኋላ በራሱ ጊዜ እየመረጠ መብላት ጀመረና ዳነ። ምን ነበር ያመመው ብሎ የጠየቀ ግን የለም፣ እሱ ራሱ ጭምር።

ታናሽ እህቱ የወለደችው ሕፃን እስከ ስድስት ወሩ ጡት ብቻ እየጠባ ድብልብል ብሎ ነበር ያደገው። እናቲቱ ወደ ሥራ ስትመለስ ሕፃኑ ለአያቱ ተሰጠ። እንግዲህ አያት ናት፤ ሙዙን ፈጨች፣ ሩዙን በስኳር ቀቀለች፣ የብርቱካን ጭማቂውንም አስከተለች። ልጁ ሳይውል ሳያድር ያስመልሰው ጀመር። ጉንጩ ሟሸሸ፣ ዓይኑ ቢጫ ቢጫ አለ። ጥርስ ሊያወጣ ነው ተባለ። ከፋርማሲ ሽሮፕ ተገዛለት፤ ባሰበት።

ኬክ ሠሪው ሱቁን በዘጋበት ቀን ከሰዓት በኋላ ሊጠይቀው ሄደ። ሲገባ እናቱ ሕፃኑን ታቅፋ ሽሮፑን በማንኪያ ይዛለች። ልጁ ከንፈሩን ግጥም አድርጎ ፊቱን ወደ ትከሻዋ አዞረ። ግንባሩ በላብ ርሷል።

«በሞቴ፣ የኔ ጌታ፣ ይቺን ብቻ።»

ኬክ ሠሪው ያንን ፊት ማዞር ያውቀዋል። ጠርሙሱን አንስቶ አሸተተው፤ በየቀኑ ሱቁ ውስጥ የሚያፈላው የስኳር ውሃ ነው የሸተተው።

«እማዬ፣ ተይው።»

«መድኃኒት እኮ ነው።»

«ስኳር አለበት።»

«ታዲያ በምን ይጣፍጥለት? በጨው?»

ከሥራ ቀርታ አጠገባቸው የተቀመጠችው እህቱ ድካሟን ሁሉ ይዛ ሳቀች። እሱ ዕድሜውን ሙሉ ሲሳቅበት ኖሮ ለምዶታል፤ ዛሬም ስቆ ማለፍ ይችላል። ደግሞስ ተሳስቶ ቢሆን? የታመመ ሕፃን መድኃኒት አስከለከለ መባል ነው። ግን ዝም ብሎ ልጁ አንድ ነገር ቢሆንስ? ፈራ፤ በጣም ፈራ።

«ስሚኝ እህቴ» አላት። «ይኼ ልጅ እኔን ነው የሆነው። እኔ ጣፋጭ የተውኩት ጠልቼው አይደለም፣ ስለሚያመኝ ነው። ጡትሽን ብቻ ስጪውና ሆስፒታል እንሂድ። አሁኑኑ።»

እህቱ ፊቱን አየችው። ሳቋን ትታ ልጇን ከእናቷ እጅ ወሰደች። አያትየዋ ብታኮርፍም ተከትላቸው ወጣች።

ሐኪሟ ስለ ሕፃኑ ስትጠይቅ እሱ እያፈረ የራሱን አወራላት። ማሩን፣ ላቡን፣ ማስመለሱን። ሐኪሟ መጻፏን አቁማ ቀና አለች። «ፍራፍሬስ?» አለችው። «እሱንም» አላት። በዚያው ቀን ለሕፃኑ ስኳር ያለበት ነገር ሁሉ ተከለከለ፣ መድኃኒቱም ሳይቀር። ከሁለቱም ደም ተወሰደ። ውጤቱ ሳይመጣ ገና ልጁ ማስመለሱን ተወ፣ ዓይኑም እየጠራ ሄደ።

ውጤቱ ሲመጣ ሐኪሟ ሦስቱንም አስቀምጣ አስረዳቻቸው። «የፍራፍሬን፣ የማርንና የተራ ስኳርን ጣፋጭ የሁለቱም ጉበት ማስተናገድ አይችልም። ከእናትም ከአባትም ሲወረስ ብቻ የሚመጣ፣ ብዙ የማያጋጥም ችግር ነው። መድኃኒቱ አለመብላት ነው፣ ዕድሜ ልክ።» ከዚያ ወደ ኬክ ሠሪው ዞረች። «እርስዎን እምቢታዎ ነው ያተረፈዎት። በልጅነትዎ በግድ መሰጠቱ ቀጥሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ አይኖሩም ነበር።»

እናትየዋ ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ከልጇ ጎን ተቀምጣ የቦርሳዋን ማንገቻ ትጠመዝዛለች። እህቱ መኪና ልትፈልግ ወጥታለች።

«ያኔ ስታስመልስ… ይኼው ነበር?»

«ይኼው ነበር፣ እማዬ።»

«እንደሚያምህ እያወቅህ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ትውጠው ነበር?»

ኬክ ሠሪው መሬት መሬቱን አየ። «በሞቴ ትዪኝ ነበራ። እንዳትሞቺብኝ ብዬ ነው።»

እጁን ያዘችው። መኪናው መጥቶ እህቱ እስክትጠራቸው ድረስ አለቀቀችውም።

ከዚያ ወዲያ ያቺ ሴት ቤት ውስጥ ስኳር ደመኛ ሆነ። የዳቦውን ሊጥ ሳይቀር ምን ገባበት እያለች የሰፈሩን ዳቦ ጋጋሪ ቁም ስቅሉን ታሳየዋለች። አንድ ቀን ኬክ ሠሪው ሲመጣ ለሕፃኑ በቅቤ የተፈጨ ድንች እያበላችው ደረሰ። ልጁ ወፈር፣ ቀላ ብሏል። ጥቂት ማንኪያ በደንብ በላና ከንፈሩን ገጠመ። ድንች ነው፣ ምንም አያደርገውም፤ ጠግቦ ነው። ሴትዮዋ ልማድ ሆኖባት ማንኪያውን አነሳች፣ አፏም ሊናገር ተከፈተ። ከዚያ ግን ማንኪያውን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች።

«ካልፈለገ ይተወው» አለች ቀስ ብላ። የልጁን አፍ ጠርጋ ስትጨርስ ወደ ትልቁ ልጇ ቀና አለች።

«አንተስ? ድንቹን ትፈልጋለህ ወይስ ይቅርብህ?»

እንዲህ ብላ ጠይቃው አታውቅም። 

«ስጪኝ» አላት። እርቦት አልነበረም።