የገንዳው ምላስ

በዚያ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ውስጥ ገንዳ እንደ ሰው አካል አለው። ቆሻሻ የሚጣልበት ቀዳዳ አፍ ይባላል፤ ቆሻሻው የሚጠራቀምበት ሆድ ነው፤ መኪና መጥቶ የሚያራግፍበት የኋላ በር ደግሞ ሴት ባለችበት የማይጠራ ስም አለው። ንድፍ ሠሪዋ ሥራ የጀመረች ሰሞን በዚህ አጠራር ትስቅ ነበር። ውላ አድራ ግን ራሷም ንድፏ ላይ «አፍ»፣ «ሆድ» እያለች መጻፍ ለመደች። የኋላውን ብቻ «በር» ትለዋለች፤ ይህም በያጁን ባየው ቁጥር ያስቀዋል።

ምላሱን ያመጣው የሰፈር ስሞታ ነው። ነዋሪው ወረቀቱን፣ ፕላስቲኩንና ቆርቆሮውን ከምግብ ትራፊ ለይቶ መንገድ ዳር ገንዳ ውስጥ እንዲጥል ተነገረው፤ እያጉረመረመም ቢሆን ለመደ። ጣጣው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጠርሙስና ካርቶን ሸጠው የሚያድሩ ሰዎች እጃቸውን በገንዳው አፍ እየሰደዱ የሚበጃቸውን ይመርጡና የማይበጀውን አስፋልቱ ላይ ዘርግፈው ይሄዳሉ። ስሞታው ሲበዛ የወርክሾፑ አለቃ ንድፍ ሠሪዋን ጠራት።

«አንቺ ልጅ፣ የገባበት የማይወጣ ገንዳ ሥሪልኝ» አላት።

ሠራችለት። ምቀኛ ካልሆነ በቀር ማንም የማያቃልለው ሥራ ነበር። አፉን ከውሃ ጠርሙስ ብዙ የማይሰፋ ክብ አደረገችው፤ ለካርቶኑ ከጎን ጠባብ ስንጥቅ አወጣችለት። ከአፉ ኋላ አንዲት የላሜራ ቁራጭ በማጠፊያ አንጠለጠለችና ሞላ ገጠመችላት። ጠርሙስ ሲገፋት ወደ ውስጥ ትለቃለች፤ ጠርሙሱ ሲያልፍ ቀጭ ብላ ትመለሳለች። ወደ ውጭ ግን ሞቼ እገኛለሁ ትላለች። ጫፏ ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብል፣ አንድ ነገር ይዘው ወደ ውጭ በጎተቱ ቁጥር ይበልጥ ትነክሰዋለች። በያጁ ገጥሞ ሲጨርስ «ይሄማ ምላስ ነው» አለ፤ በዚያው ምላስ ሆና ቀረች።

በወርክሾፑ መፈተኛ ማለት የራስ ገላ ነው። ወንበር ሲሠሩ ይቀመጡበታል፣ መሰላል ሲሠሩ ይወጡበታል። በዚያው ልማድ ተሰልፈው እጃቸውን በገንዳው አፍ ሰደዱ። የበያጁ እጅ አውራ ጣቱ ሥር ሲደርስ ቆመ። የቀለም ቀቢውም ቆመ። አለቃው የሸሚዙን እጅጌ ሰብስቦ ሞከረ፤ ቆመ። ንድፍ ሠሪዋም ተራዋ ደርሶ ሞከረች፤ የእሷም እጅ ምሳ አምልጦት የማያውቅ ሰው እጅ ነውና ቆመ።

«ሰው አይውጥም» ብሎ በያጁ ፈረደ፤ ተሳሳቁና ገንዳው ለሙከራ አንድ ሰፈር ተተከለ። እነዚያ ሁሉ መዶሻና ጠግቦ ማደር ያፋፋቸው እጆች መሆናቸውን ያሰበ አልነበረም። ገንዳ ውስጥ እጁን የሚሰድ ሰው ምን ዓይነት እጅ እንዳለው የጠየቀም አልነበረም።

አንድ ረፋድ ላይ ቆሻሻ የሚያራግፈው መኪና ሾፌር መጣና የሆነ ጨርቅ የንድፍ ሠሪዋ ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገ።

«እንኩ፣ ገንዳችሁ ልብስም መብላት ጀምሯል። ምላሱ ነክሶት ነው ያገኘሁት።»

የሹራብ እጅጌ ነበር፤ ከትከሻው ተቦጭቋል። ጠባብ ነው፣ የእሷ ክንድ በምንም መላ አይገባበትም። አንጓው አካባቢ የደረቀ ቡናማ ነገር ነበረበት።

«ዝገት ነው» አለ ሾፌሩ።

ንድፍ ሠሪዋ ዝገት ታውቃለች። እጅጌውን ይዛ አለቃው ዘንድ ሄደች። አለቃው አገላብጦ አየውና መልሶ ሰጣት።

«ባለቤቱስ?» አላት።

«የለም። አምልጧል መሰለኝ።»

«ካመለጠ ደግ። ሁለተኛ አይለምደውም።»

አለቃው ክፉ ሰው አልነበረም። ክፉ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር፤ ጠልታው ትገላገላለች። ግን የሠራተኛው ልጅ ሲታመም ሐኪም ቤት ድረስ የሚሄድ፣ የሰው ኀዘን የማይቀርበት ሰው ነው። ሥራ የወጠረው ሰው ግን ጆሮው ይደፈናል። ግቢው ውስጥ አረንጓዴ የተቀቡ ገንዳዎች ግንቡን ታከው ቆመዋል፤ ሰኞ ተጭነው ለየሰፈሩ ይታደላሉ።

እሷ ከእናቷ ጋር ነው የምትኖረው። እናትየው መርሳት ከጀመረች ቆይታለች። የበላችውን ትረሳና አልበላሁም ትላለች፤ ባሏ መሞቱን ትረሳና ለምን አመሸ ትላለች። አንድ ነገር ግን አልረሳችም፤ ሰው ዕቃ ከጣለ ማንሳት። ከማንም ቀድማ ጎንበስ ትላለች። ገንዳ መሥራት የልጇ ሥራ መሆኑ ትዝ ባላት ቀን ደግሞ የውሃ ጠርሙሱን አጥባ፣ ክዳኑን ለይታ፣ ወረቀቱን አጣጥፋ መስኮቱ ሥር ትደረድራለች። «የልጄ ነው፣ እንዳይቆሽሽ» ትላለች።

እጅጌው በመጣ ዕለት ንድፍ ሠሪዋ እናቷን ገላዋን ስታጥባት ክንዷን ያዘችው። አውራ ጣቷና ሌባ ጣቷ ዞረውት ተገናኙ። ሳሙናውን አስቀምጣ የእናቷን እጅ አየችው፤ ጣቶቹን ሰብሰብ፣ አውራ ጣቱን ወደ መዳፉ አጠፍ አደረገችው። ጠርሙስ የሚያህል እንኳ አልሆነም።

«ምን ታሻሽኛለሽ፣ በረደኝ እኮ» አለች እናቷ።

«ይቅርታ እማዬ።»

በማግስቱ በእናቷ ክንድ ልክ ጫፉ የሾጠጠ እንጨት አስጠረበችና አለቃው ፊት ግቢው ውስጥ ካሉት ገንዳዎች በአንዱ አፍ ሰደደችው። እስከ ቂጡ ገባ። ስትጎትተው ምላሱ ነክሶ ያዘው። እንጨቱ እንደተቸነከረ ቀረ።

«አየህ?» አለችው።

«እንጨት ነዋ» አለ አለቃው። «እንጨት አይተጣጠፍም፣ አያመውም፣ አስቦ እጁን አይመልስም። ሰው ሞኝ ነው እንዴ? በእንጨት ብዬ ያን ሁሉ ገንዳ አስፈታለሁ? የበላዮቼ ይስቁብኛል።» ከዚያ እንደ ቀልድ ጨመረበት፤ «ክንድ አምጪልኝ። የሰው ክንድ ገብቶ ሲቀር ልይ፤ ያን ጊዜ ሁሉንም አስቆማለሁ።»

ወደ ቤቷ ስትሄድ የምታስበው ይህንኑ ነበር። መንገድ ላይ ጆንያ የተሸከመች ቀጭን ሴት አየች፤ ልትጠራት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። የማታውቃትን የሰው ልጅ ነይ ክንድሽን ስጪኝ ማለት ነውር ሆኖ ታያት። የእናቷን ክንድ ግን እንደ ራሷ ቆጠረችው። ስህተቷ ይሄ ነው። ወርክሾፕ ውስጥ በራስ ገላ መፈተን ለምዳ፣ እናቷም የራሷ ገላ መሰለቻት።

በጥንቃቄ አሰበችበት እንጂ ዝም ብላ አላደረገችውም። በእናቷ እጅ ጎን ካቻቢቴ ታስገባለች፤ በካቻቢቴው ምላሱን ወደ ላይ ትይዘዋለች፤ እናቷ እጇን እስከ አንጓዋ ትሰዳለች፤ አለቃው ያያል፤ ታወጣለች። አለቀ።

ዓርብ ጠዋት እናቷን ጥሩ ቀሚሷን አልብሳ ይዛት መጣች። ሠራተኛው ሁሉ ከመቀመጫው ተነሣ። በያጁ ወንበሩን በጓንቱ ጠርጎ «ይቀመጡ እማማ» አለ። እናትየዋ ሰው ስላከበራት ደስ አላት። አረንጓዴዎቹን ገንዳዎች እያየች «ልጄ ናት የሠራችው» አለች፤ ሁሉም «አዎ እማማ» አሉ።

«እስቲ እማዬ፣ እጅሽን እዚች ጋ አስገቢልኝ። እስከዚህ ብቻ» አለችና አንጓዋን አሳየቻት። ካቻቢቴውን አስገብታ ምላሱን ይዛለች። እጁ ገባ። እንደ ጠርሙስ ገባ።

አለቃው ጎንበስ ብሎ አየ። «ምላሱን በካቻቢቴ ይዘሽልኝ ምኑን ልፈትን? እሱማ ካልያዘ ማንም ይወጣል። ልቀቂው እንጂ።»

ንድፍ ሠሪዋ ቀና ብላ አለቃውን አየችው። በዚያች ቅጽበት እሷ ያየችው አለቃውን ነው፣ እናቷን አይደለም። ልትረታው ተቃርባለች፤ አንድ ነገር ብቻ ነው የቀረው። ካቻቢቴውን አወጣችው።

ብረት ከብረት ጋር ሲጋጭ እናትየዋ ሰማች። አንድ ነገር ወደ ገንዳው ሆድ የወደቀ መሰላት።

«ምን ጣልሽ ልጄ?» አለች፤ መልስም ሳትጠብቅ ልታነሣላት ክንዷን እስከ ትከሻዋ ሰደደችው።

ልጇ «እማዬ ተይ፣ ተይው» ስትላት እናትየዋ ደነገጠች። ደንግጣም ጎተተችው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም የሚያስታውሰው በጆሮው ነው። መጀመሪያ እንደ ደረቅ ጭራሮ የተሰበረ ነገር ተሰማ፤ ቀጥሎ እናትየዋ ጮኸች። በጮኸች ቁጥር ትጎትታለች፤ በጎተተች ቁጥር ምላሱ ይጠብቃል፤ የተሠራው ለዚሁ ነዋ። ንድፍ ሠሪዋ ካቻቢቴውን መልሳ ልትሰድ ሞከረች፤ ክንዱ አፉን ሞልቶት አልገባ አላት። የኋላው በር ቁልፍ ያለው ሾፌሩ ጋ ነው፤ ሾፌሩ ደግሞ ሥራ ላይ ነው። በያጁ የብረት መቁረጫውን አምጥቶ አፉን ዙሪያውን መቁረጥ ጀመረ። አለቃው የእናትየዋን ራስ ደረቱ ላይ አስደግፎ ፍንጣሪው እንዳያቃጥላት በኮቱ ሸፈናት፤ «አይዞዎት እናቴ፣ አይዞዎት» ይላል። ንድፍ ሠሪዋ በንድፏ ላይ ሞላው ጠንከር ያለ እንዲሆን የጻፈችው እሷው መሆኗ ነው ትዝ ያላት። እናቷ በጣር መካከል እሷን ፈልጋ ዞረች።

«ልጄ፣ ያዘኝ እኮ። ምን አደረግኩት?» አለቻት።

ሰኞ ገንዳዎቹ አልተጫኑም። አለቃው ቃሉን አላጠፈም፤ የበላዮቹ ፊት ቆሞ ጥፋቱ የእኔ ነው አለ፤ ምላስ ሁሉ ተነቀለ፤ አፉ ሰፋ፣ ጠርዙ በጎማ ተለበጠ። ዛሬ የትም ሰፈር ያለው ገንዳ ሰው አይነክስም። ያ አለቃው የናቀው እንጨት ደግሞ ግድግዳው ላይ ሚስማር ተመቶለት ተሰቅሏል። ሠራተኛው «እማማ» ብሎ ሰይሞታል። ለማሾፍ አይደለም፤ ከልባቸው ለማክበር ነው። አዲስ ገንዳ በተሠራ ቁጥር «እማማን አምጣት» ይባባላሉ፤ «እማማ ገብታ ወጥታለች» ካልተባለ ገንዳው ከግቢው አይወጣም። ንድፍ ሠሪዋ ይህን በሰማች ቁጥር ቀና አትልም። ማንም አልወቀሳትም፣ አለቃዋም ቀን በቀን ይቅርታ ይጠይቃታል፤ እሷ ግን ማን ካቻቢቴውን እንዳወጣው ታውቃለች።

የእናቷ ክንድ ተጠግኗል ይባላል እንጂ አልተጠገነም። ሐኪሙ በዚህ ዕድሜ አጥንት እንደ ድሮው አይገጥምም ብሏል። ጣቶቿ አይታዘዟትም፤ ማንኪያ አትይዝም፤ ፀጉሯን አታበጥርም። ጠዋት ከእንቅልፏ ስትነሣ የተጣመመውን ክንዷን እንደ ባዕድ ነገር ታየዋለች።

«እጄን ምን ነካው?» ትላለች።

መጀመሪያ ሰሞን ንድፍ ሠሪዋ እውነቱን ትነግራት ነበር። «እኔ ነኝ እማዬ። ገንዳ ውስጥ አስገቢ ብዬሽ ነው።» እናቷ ታያትና ፊቷ ይለዋወጣል፤ ልጇ እንደ አዲስ ትሰብራታለች ማለት ነው። ታለቅሳለች፣ ከዚያ እምቢ ትላለች። «ልጄ እንዲህ አታደርገኝም። ማንን ልትሸፍኚ ነው?» በማግስቱ ረስታ ያንኑ ትጠይቃለች፤ ያንኑ ታለቅሳለች። ንድፍ ሠሪዋ እውነት መናገሯ ለእናቷ ይሁን ለራሷ መለየት አቃታት። አንድ ቀን ለቅሶዋን ማየት ከበዳትና «ወድቀሽ ነው» አለቻት።

እናቷ አላለቀሰችም። በደህናው እጇ ጉንጯን ዳበሰቻት።

«እሰይ አንቺ ኖርሽልኝ። ማን ያነሣኝ ነበር?» አለች።

ከዚያ ወዲህ የሚባለው ይሄው ነው። ንድፍ ሠሪዋ በየጠዋቱ የእናቷን ምርቃት እንደ መራራ መድኃኒት ትውጣለች።

ባለፈው እሑድ አብረው ወደ መንገዱ ወጡ። አጠገባቸው ካለው ማዕዘን ላይ አዲሱ ገንዳ ቆሟል፤ አፉ ሰፊ፣ ምላስ የሌለው። እናትየዋ ራሷ ያጠበችውን ጠርሙስ በግራ እጇ ይዛለች። ገንዳው ጋ ሲደርሱ ቆመች። የተሰበረው ክንዷ ወደ ደረቷ ተሰበሰበ።

«አንቺ ጣይልኝ» አለች።

«ለምን? ምንም አያደርግሽም እኮ።»

«እንጃ። ብቻ እፈራዋለሁ።» ወደ ጥቁሩ አፍ ጠጋ ብላ አየችና ወዲያው ሸሸች። «ይሄን የሠራ ሰው እናት የለችውም?»

ንድፍ ሠሪዋ ጠርሙሱን ተቀበለቻት።

«አለችው እማዬ» አለችና ጣለችው።