አላውቀውም የሚል አንድ ሽማግሌ

ሰውአገኝ ምናለ የተወለደው በሰማንያ ዘጠኝ ዓ.ም. ነው። ይህን የምለው ከሐሜት ተነስቼ አይደለም፤ የልደት ሰርተፊኬቱን በእጄ ጽፌ፣ ማኅተም መትቼ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ጎንደር አራዳ፣ ወሳኝ ኩነት ምዝገባ ክፍል ሦስተኛው መስኮት ላይ ተቀምጣ «ፎቶ ኮፒውስ?» እያለች የምትጮኸው ሴትዮ እኔ ነኝ። የትነበርሽ ዳኛው እባላለሁ። እና ይህ በሰማንያ ዘጠኝ የተወለደ ልጅ መድረክ ላይ ወጥቶ፣ የጊታሩን ክር እየወጠረ፣ «በኛ ጊዜ ፍቅር ፍቅር ነበር» ሲል ሕዝቡ ያጨበጭብለታል። የማን ጊዜ? አባቱ የዩኒቨርሲቲ አስተማሪ፣ እናቱ የሆስፒታል ፋርማሲስት፣ እሱ በካርቱንና በብስኩት ያደገ ልጅ! በኛ ጊዜ ይላል እንጂ!

አለባበሱን ያላየ ጎንደሬ የለም። ሱሪው ከጉልበቱ በታች ተዘርግቶ የአራዳን አስፋልት ይጠርጋል፤ ጎፈሬው ባጃጅ ውስጥ ሲገባ ጣሪያ ይነካል። ዘፈን ሲቀዳ ደግሞ መጀመሪያ ጥርት አድርጎ ይቀዳና፣ ከዚያ በኮምፒውተር የአሮጌ ካሴት እሽሽታ ይጨምርበታል። ሰው አቧራ ለማራገፍ ይደክማል፣ እሱ አቧራ ፍለጋ ያድራል። አንዱ ዘፈኑ ላይማ ቴፕ ካሴት ሲበላ የሚያሰማውን ጩኸት አስገብቶ፣ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ስልኬ ተበላሸ ብሎ ጥገና ቤት ወሰደው። ጠጋኙም ሦስት ቀን አቆይቶ «ተስተካክሏል» ብሎ መለሰለት።

አድማጮቹስ ብትሉ! ጢም ያላበቀለ ሁሉ ከቪዲዮው ስር «ወይኔ ያ ዘመን!» እያለ ያለቅሳል። የትኛው ዘመን ነው ብትሉት አያውቀውም። ትልልቆቹ ደግሞ የባሱ ናቸው፤ ባለፈው ዓመት የወጣውን ዘፈን በጉርምስናችን እናውቀዋለን ብለው ይምላሉ። ሰውአገኝ አንድ ቀን እንኳ «ኧረ እኔ ነኝ የሠራሁት» ብሎ አርሟቸው አያውቅም። አንገቱን ደፋ አድርጎ ፈገግ ይላል፣ እነሱም «አይ ትሕትናው!» ይላሉ።

ይህን ሁሉ እየሳቅኩ አሳልፌው ነበር። ያበገነኝ «ገርበብ አድርጊው» የሚለው ዘፈኑ ነው።

አባቴ ዳኛው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ የሳንጃን ሰሊጥ በኤን ትሬ የጭነት መኪና ወደ ጎንደር ሲያመላልስ የኖረ ሹፌር ነው። የሚደርስበት ሰዓት ስለማይታወቅ እናቴ ታየች ቆሞ እንዳያንኳኳ በሩን ገርበብ አድርጋ ትጠብቀው ነበር። ከአራት ዓመት በፊት ታማ የተኛች ጊዜም ያንኑ አለችኝ። «የትዬ፣ በሩን ገርበብ አድርጊው፤ አባትሽ ይመጣል።» መንገድ ተዘግቶ አባቴ ትክል ድንጋይ ከተማ ላይ ሁለት ቀን ቆመ። ሲደርስ ቀብረናት ነበር። መኪናውን ሸጠ፣ ከዚያ ወዲህ መሪ አልጨበጠም፤ ስለዚያ ሁለት ቀንም አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም።

ሐዘኑን ጨርሼ ቢሮ በገባሁ በሳምንቱ፣ በተበላሸ ቅጽ ጀርባ ላይ፣ አባቴ ደርሶ ቢሆን ኖሮ የሚላትን ጻፍኩት፦

ገርበብ አድርጊው፣ በሩን አትዝጊው፤
መንገድ ነው ያቆየኝ፣ ልቤን አትጠርጥሪው።

ሌሎችም ስንኞች ነበሩት። ጠረጴዛዬ መስታወት ስር አኖርኩት። ሰውአገኝ ለፓስፖርት የልደት ሰርተፊኬት ሊያወጣ ሲመጣ አንገቱን በመስኮቱ አስግጎ አነበበው። ዓይኑ እንባ አዘለ፤ እውነተኛ እንባ ነበር፣ አልዋሽበትም።

«የትዬ፣ በናትሽ ልቀበልሽ» አለኝ።

እኛ ጋ አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ግጥም ይወረውራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይለዋል። እኔ የምዘፍንበት ድምፅ የለኝም። በአንድ ነገር ብቻ ሰጠሁት፤ ስሜ ይጠራ፣ የታየች ልጅ የጻፈችው ነው ይባል። «በቁስቋም! ከነአባትሽ ስም!» ብሎ ማለ።

ዘፈኑ ሲወጣ ከስሩ የተጻፈው ምን መሰላችሁ? «ከአንድ አሮጌ ካሴት የተገኘ፤ ገጣሚው ያልታወቀ።» አይ ሰውአገኝ! መሐላው ከሰርተፊኬቱ ጋር አብሮ ታጥፎ ኪሱ ገባ። ዘፈኑ በአንድ ወር ከታክሲ እስከ ሠርግ ቤት አገር አዳረሰ። ካሴቱን የት እንዳገኘው ሲጠየቅ «የአያቴ ሳጥን ውስጥ» አለ፣ ሌላ ቀን «የፈረሰ ቤት ውስጥ» አለ፣ ማንም ልብ አላለውም።

ፋሲካ ሲያልፍ አልበም ሊያወጣ ነው ሲባል ቤቱ ድረስ ሄድኩ። አልበሙ በሸክላ ነው የሚታተመው። ሸክላ! ማጫወቻው በጎንደር ማን ቤት እንዳለ እግዜር ይወቅ። የሽፋኑን ወረቀት አሳየኝ፤ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። «ገርበብ አድርጊው፦ ግጥም የሕዝብ» ይላል።

«ሕዝብ የምትለው እኔን ነው?» አልኩት።

«የትዬ ሙች፣ ስምሽን ብጽፈው ዘፈኑ ይሞታል። ሰው የሚያለቅሰው ድሮ ነው ብሎ ነው። የሦስተኛው መስኮት ሠራተኛ ጻፈችው ብለው ማን ያለቅሳል?»

«እኔን አይቶ የሚያለቅስማ ሞልቷል፤ ፎቶ ኮፒ የረሳ ሁሉ ያለቅሳል። አንተ ስሜን ጻፍ።»

«ደግሞ ለዘፋኝ የተሰጠ ግጥም የቤቱ ነው። አዝማሪ የሰጪውን ስም ሲጠራ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለና፣ ራሱም ያሳፈረው መሰለኝ፣ ጎፈሬውን አከክ አከክ አድርጎ ጨመረበት። «እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ቅዳሜ ኮላ ድባ የአጎትሽ ልጅ የጽጌሬዳ ሠርግ ላይ እዘፍናለሁ። ‹ይህን ዘፈን ድሮ አላውቀውም፣ አዲስ ነው› የሚል አንድ ሽማግሌ አምጪልኝ። አንድ ብቻ! እዚያው ማይክ ላይ ስምሽን እጠራለሁ፣ ሸክላው ላይም ይጻፋል።»

ሳቄ መጣ። የሠርጉ እድምተኛ አራት መቶ ሰው ነው። ከአራት መቶ ሰው አንድ እውነት የሚናገር ይጠፋል?

ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዳሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሞንታርቦው እየጮኸ የድግሱን ብርጭቆ ሁሉ ያንቀጠቅጣል። ሰውአገኝ «ገርበብ አድርጊው»ን ሲጀምር ሽማግሌዎቹ ተራ በተራ ዓይናቸውን ጨፈኑ። እኔ ደግሞ ተራ በተራ ስር ስራቸው ገባሁ።

መጀመሪያ ያገኘሁት አያ አድማሴን ነው፤ የደንቢያ ገበሬ፣ ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ።

«አያ አድማሴ፣ ይህን ዘፈን ከዚህ በፊት ታውቀዋለህ?»

«ምነው አላውቀው! እንዴት ያለ ሸጋ ዘፈን መሰለሽ። በጃንሆይ ጊዜ አንድ አሥር አለቃ ነበር በክራር የሚለው።»

«ዕድሜህ ስንት ነው፣ አያ?»

«ሃምሳ አምስት ሞላኝ።»

«ታዲያ በጃንሆይ ጊዜ እኮ ገና የጡት ልጅ ነበርክ!»

«ብሆንስ? ጆሮዬ ደህና ነበር።»

ከአጠገቡ እማማ አማረች ነበሩ፤ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ዞር አሉብኝ። «የምን አሥር አለቃ ነው! ይኸ እኔ ስዳር የተዘፈነ ነው። የዘፈነውም የዚህ ልጅ አያት ነው፤ አፍንጫውን አታይውም?» አሉ። የሰውአገኝ አያት ደብረ ታቦር የኖሩ ቄስ ናቸው፤ በቤታቸው እንኳን ሊዘፈን ዘፈን ተብሎ አይነሳም ነበር። ይህን ብላቸው «አንቺ ከኔ በላይ ታውቂያለሽ?» ብለው ተቆጡኝ።

ሁለቱ አሥር አለቃ ነው አያት ነው እያሉ ተጨቃጨቁ። በመጨረሻ አሥር አለቃው ራሱ አያቱ ነው ብለው ተስማሙ። አንድ ጊዜ ከተስማሙ ማን ይመልሳቸው! ሰውዬው ጭልጋ ተወለደ፣ ኮላ ድባ ሚስት አገባ፣ በወባ ሞተ። ቢሮዬ ቢሆን ኖሮ ሦስቱንም ሰርተፊኬት በአንድ ቀን አወጣለት ነበር።

የተማረ ሰው ይሻላል ብዬ ወደ መሪጌታ ሐብተ ማርያም ዞርኩ። የቅኔ መምህር ናቸው፤ እሳቸው እንኳ አይዋሹም አልኩ። ዘፈኑን እስኪያልቅ ሰሙ፣ ጢማቸውን ዳሰሱ።

«ይኸ አራራይ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ከኛው ቅኔ ማሕሌት ወጥቶ ነው እንዲህ በጊታር የሚንገላታው።»

ኧረ የአምላክ ያለህ! ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። እዚህ አገር ሽበት አብቅሎ «የድሮ ዘፈን አላውቅም» የሚል ሰው የለም። አላውቅም ማለት አልነበርኩም ማለት ነው፤ አልነበርኩም ብሎ በሠርግ ላይ ማን ይዋረዳል? ሰውአገኝ ይህን አውቆ ነው ውርርድ ያስያዘኝ፣ ያ ተንኮለኛ! በየመሀሉ ከመድረክ ሆኖ አንድ ጣቱን ቀስሮ ያሳየኛል። ሰኞ ወረቀቱ ከታተመ የእናቴ ነገር ለዘላለም «የሕዝብ» ሆኖ መቅረቱ ነው።

ድንገት አባቴ ትዝ አለኝ። ዳሱ ጥግ ላይ ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ብቻውን ተቀምጧል። አባቴ ውሸት አይችልም፤ ትራፊክ ሲያስቆመው ጥፋቱን ቀድሞ የሚናገር እሱ ነበር። ደግሞም ዘፈን አይወድም፣ ሲሰማም አይቼው አላውቅም። ሰውአገኝ ለዕረፍት ሲወርድ እጁን ይዤ እየጎተትኩ አመጣሁት።

«ና! አንተው በጆሮህ ትሰማለህ» አልኩት። ከዚያ ወደ አባቴ ጎንበስ አልኩ። «አባዬ፣ አሁን የተዘፈነውን ዘፈን ከዚህ በፊት ታውቀዋለህ?»

አባቴ ባርኔጣውን አንድ ጊዜ አዞረው።

«ምነው አላውቀው!» አለ። «የታየች ዘፈን አይደለም እንዴ?»

«የማን?»

«የእናትሽ። በሩን ገርበብ አድርጋ ስትጠብቀኝ እያንጎራጎረች ነበር የማገኛት።»

እናቴ ከመዝሙር በቀር አንጎራጉራ አታውቅም። አብሬያት ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። አፌን ከፈትኩ፤ «አባዬ ይህን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እሷ ከሞተች በኋላ» ልለው፣ በዚያች አንድ ቃል ሰውአገኝን ልርታው። እሱ ግን አልጨረሰም ነበር።

«ትክል ድንጋይ የቆምኩ ጊዜ» አለ። በአራት ዓመት ውስጥ ያን ስም ሲጠራ የሰማሁት ያን ቀን ነው። «ተቀይማኝ ይሆን የሄደችው እያልኩ እንቅልፍ አልነበረኝም። አላደርስ ያለኝ መንገዱ መሆኑን ማን ይነግራታል? በኋላ ይህ ልጅ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ዘፈኑን ከካሴት አወጣው። ስሰማው አስታወስኩ። ለካ ታውቀው ኖሯል። ያቆየኝ መንገድ መሆኑን እያወቀች ነው የሄደችው።»

ከዚያ ወደ ሰውአገኝ ዞሮ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። ሰውአገኝ ፊቱ ልውጥውጥ አለ። ያ ሁሉ «በኛ ጊዜ» ከላዩ ወርዶ፣ በሰማንያ ዘጠኝ የተወለደ ልጅ ሆኖ ቆመ።

«የትዬ፣ ልናገር?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ስምሽን ልጥራው?»

«ዝም በል» አልኩት። ንዴቴ አልበረደም፤ እዚያው በጥፊ ብለው ደስ ይለኝ ነበር። «የሕዝብ ብለህ አሳትም። አሁን ሂድና ድገመው።»

ሄዶ ደገመው። እኔ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጥኩ። ቀስ እያልኩ አብሬ አልኩት፣ «መንገድ ነው ያቆየኝ፣ ልቤን አትጠርጥሪው።» አባቴ ክንዴን ያዝ አደረገኝ።

«እንዲያ አይደለም የሚባለው» አለ። «እናንተ ልጆች አበላሻችሁት። እናትሽ የምትለው እንዲህ ነው።»

ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ዘፍኖ በማያውቅ ድምፁ፣ ሞንታርቦው ስር ለኔ ብቻ በሚሰማ ልክ አለው፦

ገርበብ አድርጊው፣ በሩን አትዝጊው፤
መንገድ ነው ያቆየኝ፣ ቅያሜሽን ተይው።

ከኔው ይሻላል። ሳምንት ሙሉ ፈልጌ ያጣሁት ስንኝ ነው።

«እውነትህን ነው፣ አባዬ» አልኩት። «እኔ ነኝ የተሳሳትኩት። ድገምልኝና ልያዘው።»