ቀይ የእጅጌ ቁልፍ

ባሏ የዕፅዋት ቅሪተ አካል ፎቶ አንሺ ነበር። ድንጋይ ላይ ታትመው የቀሩ ቅጠሎችን እሱ ያነሳል፤ እሷ እዚያው ቢሮ፣ ኮምፒውተር ላይ መለያ ትጽፍላቸዋለች፦ ዓይነታቸውን፣ የተገኙበትን፣ መጠናቸውን። እሱ ሞተ፤ መለያ የሚጠብቀው ፎቶው ግን ገና አላለቀም። ጠዋት ኮምፒውተሯን ስትከፍት ከቅጠሉ ጎን እጁን ታያለች። "ደህና አደርክ" ትለዋለች፣ ሰው ሳይሰማት።

እጁ እዚያ የገባው በጥፋት ነው። ለመጠን ማስመሪያ ማስቀመጥ ሲገባው ይረሳል። "አመል ያወጣል ከመሐል" ስትለው ይስቅና ጣቱን ያስጠጋል። ድንጋዮቹ ደግሞ ደርቀው ተፈረካክሰዋል፤ እንደገና የሚነሳ ነገር የለም።

ኃላፊው ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ።

"እህቴ፣ መጠን የሌለው ፎቶ ለጥናት አይሆንም። እነዚህን ልናወጣቸው ነው። ለመታሰቢያ አንቺ ውሰጃቸው።"

"እሺ ጋሼ" አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

ፎቶው ውስጥ፣ ድንጋዩ ላይ ባረፈው እጅጌው አንዲት ቀይ ቁልፍ አለች። የካፖርቱ ቁልፍ ሲጠፋበት ከገዛ ቀሚሷ በጥሳ የሰፋችለት ናት። "የሚስቱን ቀሚስ ለብሶ መጣ" እያሉ ባልደረቦቹ መድረሻ ቢያሳጡትም፣ ሞቼ እገኛለሁ እንጂ አልቀይራትም ብሎ ነበር። የቁልፏ እህቶች ዛሬም ቀሚሱ ላይ አሉ።

እነሱን ለክቶ የቅጠሉን መጠን ማወቅ ይቻላል፤ ይህን ብትናገር ፎቶዎቹ ይተርፋሉ። የመሥሪያ ቤቱን ደንብ ግን ታውቃለች፤ መጠኑ ከተገኘ ከቅጠሉ በቀር ያለው ሁሉ ይከረከማል። ዝም ካለች እጁ የእሷ ይሆናል፣ የለፋበት ሥራ ግን ከንቱ ይቀራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው ብላ ምላሷን ስትነክስ ዋለች።

በማግስቱ ቀሚሱን በፌስታል ይዛ መጣች። ኃላፊው አንዷን ቁልፍ ለካና ፎቶው ላይ ካለችው ጋር አስተያያት። ከዚያ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

"መከርከሙን ለሌላ ሰው ልስጠው?"

"የኔ ሥራ ነው ጋሼ።"

"እንግዲያው እጁ ያለበትን ቅጂ ወደ ቤት ውሰጂ።"

"ቤት ቁጭ ብሎ ምን ይሠራል? ሥራ ፈትቶ አያውቅም።"

እያለቀሰች ከረከመች፤ በየፎቶው ጣቱን፣ አንጓውን፣ በመጨረሻ ቁልፏን።

በነጋታው ኮምፒውተሯን ከፈተች። ቅጠሉ ብቻውን፣ ከሥሩ የመጠን መስመር ተሰምሮለት፣ ጥርት ብሎ ወጣ። "ደህና አደርክ" ልትል አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።