የመሪጌታ ላፕቶፕ

ስክሪኑ ጠቆረ። ከዚያ ሁለት መስመር የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ብቅ አለና ቀጥ አለ። ራቢያ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

"አለቀ?" አሉ መሪጌታ ገብረ ማርያም፣ ከተቀመጡበት በርጩማ ቀና ብለው።

"አላለቀም፤ አልነሳ አለኝ።"

መሪጌታ ከቤተ ልሔም ወደ አርብ ገበያ ከተማ የመጡት ለዚሁ ላፕቶፕ ነበር። የእህታቸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ ሲማርበት ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ ጭኖበት፣ ሁለተኛው ሲስተም የዲስኩን ግማሽ ይዞ ቀረ። እሳቸው ሦስት ዓመት ሙሉ የመምህራቸውን ቅኔ በአንድ ጣት እየለቀሙ ጽፈውበታል፤ አሁን ግን ዲስኩ ሞልቶ አንድ የቅኔ ቤት እንኳ አልቀበል አላቸው። ማዶ ያለው ይግዛው የሚባል ጠጋኝ "ሁሉንም አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው" ሲላቸው ደንግጠው፣ እዚያው አርብ ገበያ ፎቶኮፒና የጽሕፈት ሥራ ወደምትሠራው ወደ ራቢያ ዞሩ።

እሷም ሊኑክስን ብቻ ለይታ አጠፋች። ግን ቅኔውን አስቀድማ ፍላሽ ላይ አልገለበጠችውም። ይህ ትዝ ያላት ስክሪኑ ከጠቆረ በኋላ ነው። መሸፋፈን ትችል ነበር።

"መሪጌታ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። መጀመሪያ መገልበጥ ነበረብኝ።"

ከውጭ የገበያው ጫጫታ ይሰማል።

"ጽሑፉ ጠፍቷል ነው የምትይኝ?"

"አይመስለኝም። ሲበራ ዊንዶውስን የሚጠራው ሊኑክስ ነበር፤ እሱን ሳጠፋው ጠሪ አጣ። ቤቱ አለ፤ በሩ ነው የጠፋው።"

"እንግዲያው በሩን ፈልጊዋ፣ ልጄ! እኔ እንደሆንኩ የትም አልሄድም።"

የዊንዶውስ መጫኛ ያለበትን ፍላሿን ሰክታ ላፕቶፑን ከእሱ አስነሳችው። ጥገና የሚለውን መረጠች። "መጠገን አልተቻለም" አላት። ደገመችው፤ እምቢ። በሦስተኛው ዊንዶውስን መልሶ የሚያስጠራውን ትእዛዝ ራሷ ፊደል በፊደል ጻፈችና አጥፍታ አበራችው።

ዊንዶውስ ተነሳ! ፋይሉን ከፈተችው፤ ሦስት መቶ ሰባት ገጽ፣ አንድም አልጎደለም። መጀመሪያ ሁለት ፍላሽ ላይ ገለበጠችው፤ ከዚያ ባዶ የቀረውን የዲስክ ክፍል ከዊንዶውሱ ጋር ቀላቀለችው።

መሪጌታ ተጠግተው በዚያችው አንድ ጣታቸው አዲስ ቤት ለቅመው ጻፉ። ተቀበላቸው።

"እሰይ! እሰይ፣ ልጄ!" ሲሉ አንድ ገበያተኛ በበሩ አንገቱን አስገባ። መሪጌታ ወደ እሱ ዞሩ። "ይግዛው ያልቻለውን'ኮ ነው የሠራችው!"

ራቢያ ሳቀች። ሸኝታቸው ስትመለስ ከወረቀት ካርቶኑ አንዱን ጎን ቀደደች፤ በትልልቁ "ኮምፒውተር ይጠገናል" ብላ ጻፈችና በሩ ላይ ለጠፈችው።