የሳሎኑ ነፃ ትግል

ልብስ ሰፊዋ የሙሽራ ቀሚስ ጠርዝ እያጠፈች ሳለ ስልኳ ጮኸ። የልጇ ርዕሰ መምህር ነበሩ።

"ልጅዎ አንዱን ልጅ ከወገቡ አንሥታ ዴስክ ላይ ዘርራዋለች። ቶሎ ይምጡ።"

"የኔ ልጅ? ተሳስተው እንዳይሆን! የኔዋ እኮ አንሶላ ማንሣት ያቅታታል።"

"አንሶላውን እንጃ፤ ልጁን ግን አንሥታዋለች።"

ልጅቷን ከማነሷ የተነሣ ቤተሰቡ "ቅንጣት" ይላታል። የተጣለው ልጅ እጥፏን ያክላል። እናትየዋ ትምህርት ቤት ስትደርስ ግንባሩ አብጦ ያለቅሳል፤ ከሕመሙ ይልቅ በቅንጣት መውደቁ አንገብግቦታል።

አባትየው ታክሲ ነጂ ነው። ነገሩን እንደሰማ፣ ሳይቀመጥ ፈረደ።

"ልጄን የበላት ቴሌቪዥኑ ነው!"

ገመዱን ነቅሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፈበት። ቅንጣት ግን አላኮረፈችም። ያኮረፉት አብረዋቸው የሚኖሩት አያቷ፣ የእናቷ እናት ናቸው።

በሳምንቱ የስፌት ቤቱ መብራት ጠፋና እናትየዋ በጊዜ ወደ ቤቷ ተመለሰች። በሩ ላይ ስትደርስ የእናቷን ድምፅ ሰማች።

"ወገቡን! ወገቡን ያዢ! እሰይ የኔ አንበሳ!"

ከፈተችው። ሶፋው ግድግዳ ተጠግቷል፤ ፍራሽ መሬት ተነጥፏል። ቅንጣት አንድ ምስኪን ትራስ አንቃ ይዛለች። አያቷ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ይዳኛሉ። የእሳቸው ስልክ የአበባ ማስቀመጫ ተደግፎ፣ ውስጡ ሁለት ወፋፍራም ትግለኞች ይላፋሉ።

"እማዬ!"

"ምን ታፈጪብኛለሽ? ባልሽ ቴሌቪዥን አለ እንጂ ስልክ መቼ አለ? ደግሞስ እናንተ ቀኑን ሙሉ የላችሁ፤ ማን ያጫውታት?"

ይህን ሲሉ አባትየው ገባ። ፍራሹን አየ፣ ስልኩን አየ፣ ነደደ።

"ልጄን ዱርዬ አደረጉብኝ! ማን ነው መደባደብ ያስተማራት?"

ሥራ ፈትቶ የተቀመጠውን ሪሞት አንሥቶ ከግድግዳው ጋር አላተመው። ባትሪዎቹ አንዱ ወዲያ፣ አንዱ ወዲህ በረሩ።

ቅንጣት አንዱን ባትሪ ለቀም አድርጋ ጠየቀች።

"አባዬ፣ ይሄ ውርወራስ ከየትኛው ፊልም ነው?"

እናትየዋ ሳቋን ለመዋጥ ከንፈሯን ነከሰች። አያቷ ግን አልቻሉም።

"ይሄማ የቤት ውስጥ ምርት ነው፣ ልጄ!"

የአባትየው ፊት ቲማቲም መሰለ። ፍራሹ ላይ ዘፍ አለ።

"ታክሲው ውስጥ ስሳደብም ትሰሚኛለሽ?"

"ሁሉንም በቃሌ ይዣለሁ። ልበልልህ?"

"ኧረ ተይ!" አለና እስካሁን ማንም ያልጠየቃትን ጠየቃት። "ለመሆኑ ልጁን ለምን ጣልሽው?"

"ቦታዬ ላይ ተቀምጦ ተነሥ ስለው ሳቀብኝ። አንተና እማዬ ስትጣሉ የጮኸው ነው የሚያሸንፈው። የኔ ድምፅ ደግሞ ቀጭን ነው።"

እናትየዋ ሳቋ ጠፋ። ከባሏ ጋር ተያዩ።

በማግስቱ አባትየው ቅንጣትን ይዞ ለይቅርታ ወደ ተጣለው ልጅ ቤት ሄደ። ልጁ ራሱ በሩን ከፈተ። ቅንጣት አቀርቅራ "ይቅርታ" አለችው።

"ይቅርታው ይቅርና አጣጣሉን አሳዪኝ" አለ።

"እንዳትሞክሪው!" ሊል የነበረው አባት አፉን ከፍቶ ዘጋው፤ ከዚያ ቀስ ብሎ "ኳስ የላችሁም እንዴ?" አለ።

"ግቡ እንጂ" አለች የልጁ እናት ከኋላ። "የኔውም ቢሆን መልአክ አይደለም።"

ልጆቹ ግቢ ወርደው ማን በረኛ ይሁን ብለው ሲጨቃጨቁ ዋሉ። ቢሆንም ማንም ማንንም አላነሣም።