አልገባ አለኝ

ናጅዋ በደረቷ ተኝታ፣ ከወገቧ በላይ አልጋው ስር ገብታ፣ የኢንተርኔት ራውተሩን ጀርባ በስልኳ መብራት ታነባለች። ሻሿ አቧራ ጠጥቷል።

"አገኘሁት ዑስማን። የይለፍ ቃሉ እዚህ የተለጠፈው ነው አይደል?"

"ካልቀየርሽው እሱው ነው" አለ ዑስማን በስልኩ ውስጥ።

ዑስማን ከአንድ ወር በፊት አሮጌውን ራውተር ነቅሎ ይሄኛውን የተከለላት የኢንተርኔት መስመር ሠራተኛ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት፣ በእረፍት ቀኑ፣ ስልክ ማንሳቱ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ያውም ሲደወልለት ሦስተኛ ቅዳሜው ነው።

ናጅዋ ወደ ኋላዋ እየተሳበች ወጣችና ሰርቨሯ ያለበት ጠረጴዛ ጋ ተቀመጠች። ሰርቨር ሲባል ትልቅ ነገር ይመስላል እንጂ የእሷ ሰርቨር ጓደኞቿ ከያሉበት የሚገቡበት፣ ጎኑ የተከፈተ አሮጌ ኮምፒውተር ነው፤ ሙቀት እንዳይገድለው ማራገቢያ ተደግኖበታል። ውስጡ ግን አንድ ሙሉ አገር አለ። ኩብ በኩብ እየደራረቡ ቤት የሚሠሩበት ጨዋታ ነው። ዩኒቨርሲቲ ሳሉ አራት ሆነው ነበር የጀመሩት፦ እሷ፣ አማን፣ ሳሚራና መቅደላ። አራት ቤት፣ አንድ ገበያ፣ ደግሞ አላውሃ ብለው ስም ባወጡለት ወንዝ ላይ ሁለት ወር የፈጀ ድልድይ ሠርተዋል። ሲመረቁ አማን ሐዋሳ ሥራ አገኘ፣ ሳሚራ ደሴ ተዳረች፣ መቅደላ መርሳ ወረዳው ጽሕፈት ቤት ተቀጠረች። ናጅዋ ወልድያ ቀረች፤ አገሩም እሷ ዘንድ ቀረ።

ከሚሴ ያደገች ልጅ ናት፣ ወልድያ ዘመድ የላትም። በምትሠራበት ኮሌጅ የኮምፒውተር ክፍሉን የምትጠብቀው ብቻዋን ነው። ሳምንቱን ሙሉ የሚያናግራት ሰው ቢኖር "ቲቸር፣ ፕሪንተሩ ወረቀት ነከሰ" የሚል ተማሪ ነው። ቅዳሜ ዐሥር ሰዓት ግን አራቱም ይገባሉ፣ ይሳሳቃሉ፣ አማን የሰው ግድግዳ ያፈርሳል፣ ሳሚራ ትሰድበዋለች። ናጅዋ የምትኖረው ለዚያች ሰዓት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ራውተሩ ከተቀየረ ወዲህ ግን ሦስት ቅዳሜ ሙሉ ማንም አልመጣም። መጀመሪያ አማን "አልገባ አለኝ" ብሎ ጻፈ። ሳሚራ "እኔም አልገባ አለኝ የኔ ውድ" አለች። መቅደላም ተከተለች፦ "ኧረ እኔም! አዲሱ ራውተርሽ ነው መሰለኝ።" ናጅዋ እውነት መስሏት መጠገን ያዘች። ያልነካካችው ነገር የለም። ዛሬ ካልተስተካከለ ልጆቹ መምጣቱን ጨርሰው ይረሱታል ብላ ፈርታለች።

"ፖርቱ፣ የጨዋታው መግቢያ፣ ተከፍቶ ይታይሻል?" አለ ዑስማን።

"ይታየኛል።" ስልኩ ይቆራረጥ ስለነበር ጮኸች። "በሩን ከፍቼዋለሁ እኮ ነው የምልህ! እንግዶቼ ግን ከውጭ መግባት አልቻሉም!"

ይሄኔ ከደጅ የነጠላ ጫማ ሩጫ ተሰማ። ቀጥሎ የግቢው ቆርቆሮ በር እየጮኸ ተከፈተ። ትንሽ ቆይቶ በርበሬ ሲያሰጡ የነበሩት አከራይዋ እማ አሚና ቁና ቁና እየተነፈሱ ክፍሏ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"የት አሉ? ወለል አድርጌ ከፈትሁት። ወጥቼም አየሁ፤ ማንም የለም እኮ ልጄ!"

"ይቅርታ እማ አሚና፣ አደከምኩዎት። የኮምፒውተሩን በር ነው ያልኩት።"

"የኮምፒውተር በር! ሱብሐነላህ! እንግዶቹስ?"

"እነሱም በኮምፒውተር ነው የሚመጡት።"

"ታዲያ ምን ይቀምሳሉ?"

"ምንም አይቀምሱም።"

"አይ፣ የማይቀምስ እንግዳ!" አሉ እማ አሚና፤ እያጉተመተሙ ወደ በርበሬያቸው ተመለሱ። ዑስማን በስልኩ ውስጥ ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ናጅዋም ሳቀች። ሰው አስቋት ከሳቀች ሰነባብታ ነበር።

"በይ ስሚኝ" አለ ዑስማን ሲበቃው። "እስከ ዛሬ የሞከርሽው እዚያው ቤትሽ ሆነሽ ነው። ከውስጥ ያለ ሰው የውጩን አያይም። የስልክሽን ዋይፋይ አጥፊና በዳታ፣ ጓደኞችሽ በሚገቡበት አድራሻ ግቢ፤ ልክ ሐዋሳ እንዳለ ሰው።"

አጠፋች። ጨዋታውን ስልኳ ላይ ከፍታ አድራሻውን ጻፈች። ስልኩ ጥቂት አሰበና ድልድዩ ወለል ብሎ መጣ። ከታች ውሃው ይፈሳል።

"ገባሁ! ዑስማን፣ ገባሁ! ወላሂ ገባሁ!" ከወንበሯ ብድግ አለች። "ምኑን ነው ያስተካከልነው?"

"ምንም አላስተካከልንም። እኔ እኮ ያኔ ስተክለው የአሮጌውን ራውተር የፖርት ቁጥር ገልብጬ፣ ከፍቼልሽ ነው የሄድሁት።"

"ታዲያ እነሱን ለምን እምቢ አላቸው?"

"እሱን ሰርቨርሽን ጠይቂው። መዝገብ የለውም? በሩ ድረስ መጥቶ ያንኳኳ ሁሉ እዚያ ይጻፋል፤ ባይገባም።"

መዝገቡን ከፈተች። ራውተሩ ከተተከለበት ቀን ጀምሮ ወደ ታች ወረደች። በሩ ከመጀመሪያው ቀን ክፍት እንደነበረ ምስክሩ ብዙ ነው። በየቀኑ ሃያም ሠላሳም ጊዜ ተንኳኩቷል። ግን ያንኳኩት ሰዎች አይደሉም፤ ኢንተርኔት ላይ እየዞሩ የሰው በር የሚሞክሩ ማሽኖች ናቸው፣ በካርታ እንኳ የማታውቃቸው ከተሞች ያሉ። ያለፉትን ሦስት ቅዳሜዎች ፈለገች። ዐሥር ሰዓት ላይ የእሷ ስም አለ፤ ዐሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መውጣቷ ተጽፏል። አማን የለም። ሳሚራ የለችም። መቅደላ የለችም። ሞክሮ የተመለሰ እንኳ የለም።

"እህ፣ አገኘሽው?" አለ ዑስማን።

"አገኘሁት።"

"ምን ሆኖ ነው?"

"ማንም አላንኳኳም" አለች። ዑስማን የገባው መሰለ። "አብሽሪ፣ አይዞሽ" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሰው ሥራ ይበዛበታል።"

"አላህ ይስጥልኝ ዑስማን። ሦስት ቅዳሜህን በላሁብህ።"

ስልኩን ዘግታ አለቀሰች። ደግሞም ተናደደች። አማርኛ ለይሉኝታ የተመቸ ቋንቋ ነው። "አልገባሁም" ካሉ ጥፋቱ የራስ ነው። "አልገባ አለኝ" ካሉ ግን የራውተሩ ነው፤ ራውተር ደግሞ ቆሞ አይከራከርም። ሦስቱም ሳይማከሩ አንድ ዓይነት ነገር ተናገሩ፤ እሷም ለሦስት ሳምንት አልጋ ስር ስትዳክር ከረመች። "ውሸታሞች" ብላ አራቱ በሚጻጻፉበት የስልክ ቡድን ላይ ጻፈች። ሳትልከው አየችውና አጠፋችው።

ያጠፋችው ስለራራች አይደለም። አክስቷ ትዝ ስላለቻት ነው። ለአረፋ ከሚሴ ስትጠብቃት፣ ናጅዋ ራሷ "መኪና አልገኝ አለኝ" ብላ ነበር የቀረችው። መናኸሪያ እንኳ አልወጣችም፤ ቅዳሜ ስለነበረ ከጨዋታዋ ላለመቅረት ነው። አክስቷም "ምን ይደረግ፣ መኪና ጠፋ" ብላ ተወችው። ያን ቀን አክስቷ ለስንት ሰው ምሳ ሠርታ ጠብቃት ይሆን? ናጅዋ ፊቷን በሻሿ ጫፍ ጠረገች፤ አቧራውን ጭምር ቀባችው።

ዐሥር ሰዓት ከአምስት ላይ ስልኳ ጮኸ። መቅደላ ናት።

"ናጁዬ! እንዴት ነሽልኝ? ዛሬም እኮ አልገባ አለኝ!"

ናጅዋ መዝገቡን አየች። ከእሷ በቀር ማንም የለም። በመቅደላ ስልክ ውስጥ አንድ የሚኒባስ ረዳት "ወልድያ! ወልድያ! አንድ ሰው የቀረው!" እያለ ይጮኻል።

"መናኸሪያ ነሽ እንዴ?"

"አዎ፣ እዚህ ገበያ ወጥቼ... ግን ቅድም ቤት ሆኜ ሞክሬው ነበር፤ እምቢ አለኝ አልኩሽ እኮ። አልተስተካከለም?"

መዝገቡን ፎቶ አንስታ ብትልክላት መቅደላ የምትገባበት ይጠፋታል። ናጅዋ ይሄን አሰበችና፣ ከዚያ በኋላ ግን ማን ይቀረኛል አለች በልቧ። ረዳቱ እንደገና ጮኸ። ከመርሳ ወልድያ በሚኒባስ አንድ ሰዓት አይሞላም። ሁለቱ በአካል ከተያዩ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል።

"መቅዲ፣ ሰርቨሩን ተይው" አለች። "ነገ መርሳ ልምጣ? አንቺን ለማየት።"

"ነገ?" መቅደላ ደነገጠች። "ነገማ... ውይ፣ ነገ እንኳን ምን መሰለሽ..."

"ቆይ፣ ምክንያት አትፈልጊልኝ። ናፍቀሽኛል። እዚህ ብቻዬን ነኝ፣ መቅዲ፣ በጣም ብቻዬን ነኝ። ለዚህ ነው የምጠይቅሽ። ካልተመቸሽ ግን 'አልተመቸኝም' በይኝ፤ አልቀየምሽም።"

መቅደላ ዝም አለች። ናጅዋ እንዲህ ያለ ዝምታ ሲመጣ "ግዴለም፣ ቀልዴን ነው" ማለት ትወድ ነበር። አሁን ከንፈሯን ነክሳ ጠበቀች።

"ነገ አልችልም" አለች መቅደላ በመጨረሻ፤ ቀስ ብላ።

እንግዳ መጣብኝ አላለችም። መኪናም፣ መስመርም፣ አለቃም አላነሳች። ቃሉ ናጅዋን ወጋት፤ በጣም ወጋት። ግን ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከጓደኞቿ የሰማችው የመጀመሪያው እውነት ነበር።

"እሺ" አለች።

ስልኩን ልትዘጋ አውራ ጣቷን አነሳች። አልዘጋችውም። መልሳ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችውና፣

"መቼ ትችያለሽ?" ብላ ጠየቀች።