የስድስተኛው ቀን ምዕራፍ

ኧረ ተዉኝ እባካችሁ! ባሌ ወልደ ጻድቅ ክፉ ሰው ነው ብዬ አላማውም። ክፉ ቢሆንማ ረግሜው እገላገል ነበር። ጥፋቱ መጽሐፍ ማንበቡም አይደለም፤ አነባበቡ ነው።

ልማዱ እንዲህ ነው፦ ጠዋት ከብት ሳይወጣ መጽሐፈ ምሳሌን ይገልጣል። ወር በባተ በአንድ ምዕራፍ አንድን፣ በሁለት ምዕራፍ ሁለትን፣ እንዲያ እያለ ይወርዳል። የዕለቱ ምዕራፍ ያለውን ያንኑ ዕለት ካልፈጸመ እንቅልፍ የለውም፤ ከቀበሌ ትእዛዝ የወረደለት ነው የሚመስለው። ስለ ታካች ያነበበ ቀን ለእኔ ወዮልኝ፣ ቁጭ ማለት የለም! ስንት ቀን ስቄበታለሁ። ምነው ያኔ ባልሳቅኩ።

ታኅሣሥ ስድስት ጠዋት ከሞላሌ ፖሊስ ጣቢያ ስልክ ተደወለ። ታናሽ ወንድሙ ይሥሐቅ በግጦሽ ድንበር ከአንድ ሰው ተጣልቶ፣ በዱላ መትቶት ታስሯል። የተመታው ሰው ደህና ነው፤ ይሥሐቅ ዋስ ካገኘ ይወጣል። አማቴ እማማ ጥሩሸዋ ደግሞ እኛ ቤት ባና ተደርቦላቸው ተኝተዋል፤ እህል አልወርድላቸው ካለ ሰንብቷል። ይሥሐቅ በስልኩ የለመነው ይህን ብቻ ነው፦ "ወንድም ጋሼ፣ ድረስልኝ። እማዬን ሳላያት እንዳታመልጠኝ።"

ወልደ ጻድቅ ስልኩን ዘግቶ መጽሐፉን አነሣ። "የዛሬውን ስሚ" አለኝ። ምዕራፍ ስድስት! ለሰው ዋስ የሆነ በገዛ አፉ ተጠምዷልና ፈጥኖ ያምልጥ ይላል። "ይኸው፣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ እግዚአብሔር ነግሮኛል" አለ።

"አንተ ሰው፣ ወንድምህ እኮ ነው!" ብለው፣ "ዛሬ ቢወጣ ነገ ይደግመዋል" አለኝ። ውሸቱን አይደለም፣ ይሥሐቅ እጁ ፈጣን ነው። እኔ ዋስ ልሁን ብል "ከዚህ ቤት ዋስ አይወጣም" ብሎ ማለ። ጎረቤት ለመንኩ። "የእናቱ ልጅ እንቢ ያለውን እኛን ምን ጥልቅ አደረገን?" አሉኝ። ማን ይፈርድባቸዋል?

የንስሐ አባታችን አባ ዓምደ ሚካኤል ለእማማ ጸሎት ሊያደርሱ ሲመጡ ሁሉንም ነገርኳቸው።

"ልጄ፣ ምሳሌ ዐዋጅ አይደለም" አሉት ባሌን። "ሰሎሞን ያን ያለው ሳያመዛዝን ለሚቸኩል ሰው ነው። ገብስም የሚዘራበት ወር አለው፤ ቃልም እንዲሁ ነው። እናትህ በሞት አፋፍ፣ ወንድምህ በእስር ሆነው አንተ ቀን ትቆጥራለህ?"

"ታዲያ አባቴ፣ የተጻፈውን ልተው?"

"ሁሉንም አንብበው እንጂ! ኢዮብን ሊያጽናኑ የመጡትም አፋቸው መልካም ቃል ሞልቶት ነበር። የጎደላቸው ማስተዋል ነው።"

እጃቸውን ሳመ እንጂ አልሄደም። እማማ በሩ በተንኳኳ ቁጥር "ይሥሐቅ ነው?" ይላሉ። "መንገድ ላይ ነው" እላቸዋለሁ። በአሥራ አራት ሊነጋጋ ሲል አረፉ።

ቀበርን። ለይሥሐቅ ግን ማንም አልነገረው፤ ለእስረኛ መርዶ ለመንገር የሚጨክን አንጀት ከየት ይመጣል? በአሥራ ሰባት ጠዋት፣ ለቅሶ ደራሹ ሳይበተን፣ ወልደ ጻድቅ እንደ ልማዱ ገለጠ። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲያነብ ድንገት ቆመ። ወንድም ለመከራ ቀን ይወለዳል የሚለው ላይ ደርሶ ነው።

"ይቺስ እስከ ዛሬ የት ነበረች?" አለ።

"እዚያው ነበረች! በየወሩ አንብበሃታል" አልኩት። ምርር ብሎኝ ነበር።

ተነሥቶ ጋቢውን ደረበ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።

ጥቁሬን አውልቄ፣ ነጭ ነጠላ ለብሼ ተከተልኩት። መርዶው ቤት ሲደርስ ሽማግሌ ባለበት ይነገረዋል ብለናል፤ ከልብሴ እንዲያነበው አልፈለግኩም። ወልደ ጻድቅ ፈርሞ አስወጣው። ይሥሐቅ ጎንበስ ብሎ የወንድሙን ጉልበት ሳመ። "አውቄ ነበር፣ ወንድም ጋሼ አይተወኝም!" አለ። ከገበያው ብርቱካን ገዛ። "ይሄ እንኳ ለእማዬ ይወርድላታል" እያለ፣ ቶሎ በሉ እያለ፣ ከፊታችን ዳገቱን ያዘ።

"ይሥሐቅ" አለ ወልደ ጻድቅ። ያን ሁሉ ምዕራፍ በቃሉ የሚወጣ ሰው ሌላ ቃል አጣ። መንገድ ላይ ቆሞ ያለቅስ ጀመር።

ይሥሐቅ ዞሮ እሱን አየው፤ ቀጥሎ እኔን አየኝ። ብርቱካኑን ቀስ አድርጎ መሬት አስቀመጠ።

"ጠርታኝ ነበር?" አለኝ፣ ወንድሙን ሳያይ።

መዋሸት እችል ነበር።

"እስከ መጨረሻው" አልኩት።